ዕድሜ ያለው ግራፊክስ ካርድ እንዴት ይመረጣል?



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ሥርዓት፥ ስለ ምግብ አዳራሽና ስለ ማኅበራችን ምርጫ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው ብለው የሚስቁ እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ። «የአርትስ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ምን አገባው? ጊዜውን መጽሐፍ ቢያነብበት አይሻለውምን?» የሚለኝም አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ከጥናት በኋላ ማታ አንድ ሰዓት በጨዋታ ማሳለፍ ጥፋት ከሆነ፥ ጥፋቱ የብዙዎቻችን ነው፤ ጥፋት ካልሆነ ደግሞ ስለ ዕቃው በግልጽ መነጋገር ይገባናል። ከሁሉ በላይ ነገሩ የገንዘብ ነገር ነው። ተማሪ በድካም ያጠራቀመውን ብር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲያጠፋው ማየት የሚያሳዝን ነው፤ እኔም ይህን ያየሁት በሌላ ሰው ሳይሆን በራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከግቢ ውጭ በተከራየነው ክፍል ውስጥ በጋራ የምንጠቀምበት አንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ነበረን። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በማስጠናት ከምናገኘው ገንዘብ በየወሩ እያዋጣን፥ ለግራፊክስ ካርድ መግዣ ስናጠራቅም አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ። ገንዘቡ ሲሞላ ምርጫው ለእኔ ተተወ፤ ብዙ አወራ ስለ ነበር ዐዋቂ መስያቸው ነበር። እኔም ከአንድ ሱቅ ሄጄ አርኤክስ 580 የተባለውን ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። የኮምፒዩተራችን ፓወር ሰፕላይ ለካርዱ የሚሆን የኃይል ገመድ እንደሌለው ለሻጩ ስነግረው፥ «አይዞህ ወንድሜ፥ ይቺ ትበቃዋለች፤ ሁሉም ሰው እንዲህ እያደረገ ነው የሚወስደው» ብሎ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማገናኛ በነፃ ጨመረልኝ። ምርቃት መስሎኝ አመስግኜው ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ክፍላችን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ኮምፒዩተሩም ጠፍቶ ቀረ። ሃርድ ዲስኩ እንደ እድል ሆኖ ተርፏል። ነገር ግን አንደኛው ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው በዚያው ኮምፒዩተር ነበርና፥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተራ እየጠበቀ በሰው ኮምፒዩተር ሲጽፍ ሳየው አንገቴን ደፋሁ። እርሱ ግን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሳላነብና ሳልጠይቅ የቀረሁበት ሳምንት የለም። የተማርሁትንም ከዚህ በታች እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የዶላር ዋጋዎቹም ካርዶቹ ለገበያ በወጡበት ጊዜ ኩባንያዎቹ ያስታወቋቸው እንጂ የእኛ አገር የሱቅ ዋጋዎች አይደሉም።

የካርዱ ሥራ

በሞኒተር ላይ የምናየው ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ባለ 1920 በ1080 ሞኒተር 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ጨዋታው ሳይንቀጠቀጥ እንዲሄድ በሰከንድ 60 ሥዕል ያስፈልጋል ብንል፥ ካርዱ አንዱን ሥዕል ጨርሶ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ከ16.7 ሚሊሰከንድ አይበልጥም ማለት ነው። ባለ 2560 በ1440 ሞኒተር የያዘ ሰው 3,686,400 ነጥቦችን፥ ባለ 3840 በ2160 የያዘ ደግሞ 8,294,400 ነጥቦችን በዚያችው አጭር ጊዜ ያስስላል። ስለዚህ «የትኛው ካርድ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ «ሞኒተርህ የትኛው ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ባለ 1080 ሞኒተር ይዞ ለባለ 2160 የተሠራ ካርድ መግዛት ለአንድ ሰው ምሳ የሠርግ ድስት እንደ መጣድ ይቈጠራል።

አራቱ የካርድ ሞቶች

«ዕድሜ ያለው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ካርድ ሳይቃጠልና ሳይሰበር፥ እዚያው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተሰክቶ እያለ የሚሞት ዕቃ ነው። እኔ እንደ ተረዳሁት ሞቱ አራት ዓይነት ነው።

አንደኛው የድካም ሞት ነው። በየዓመቱ የሚወጡ ጨዋታዎች እየከበዱ ሲሄዱ፥ አሮጌው ካርድ በሰከንድ 60 ሥዕል ያቀርብ የነበረው ወደ 40፥ ከዚያም ወደ 25 ይወርዳል። ሁሉም ሰው የሚፈራው ይህን ሞት ነው፤ ሻጮችም የሚያወሩት ስለዚህ ብቻ ነው። እንዲያውም ከአራቱ መድኃኒት ያለው ሞት ይህ ነው። የጥላውን ጥራት፥ የርቀቱን እይታና እነዚህን የመሳሰሉትን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከዚህም ሌላ ሥዕሉን በአነስተኛ መጠን ስሎ በዘዴ የሚያሳድግ ስልት አለ፤ በኤንቪዲያ በኩል ዲኤልኤስኤስ፥ በኤኤምዲ በኩል ኤፍኤስአር ይባላል። በዚህ ስልት «ጥራት» የሚለውን ደረጃ ስንመርጥ ለባለ 1080 ሞኒተር ካርዱ የሚስለው 1280 በ720 ብቻ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ነጥብ 44 በመቶ ያህል ነው። ዲኤልኤስኤስ የሚሠራው አርቲኤክስ በሚል ስም በተሸጡት ካርዶች ላይ ብቻ ሲሆን፥ በ2021 የወጣው ኤፍኤስአር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓይነቶቹ የሌላ ኩባንያ አሮጌ ካርዶችንም ይረዳል። በሁለት ሥዕሎች መካከል ሦስተኛ ሥዕል ፈጥሮ የሚያስገባውን ዘዴ ግን ከመድኃኒት አትቍጠሩት። እርሱ ቀድሞውኑ ደኅና የሚሄደውን ያለሰልሳል እንጂ የሚያነክሰውን አያድንም።

ሁለተኛው የመጨናነቅ ሞት ነው። ካርዱ የራሱ ማስታወሻ አለው፤ ቪራም ይባላል። የግድግዳው፥ የድንጋዩ፥ የልብሱና የፊቱ ገጽታ ሁሉ የሚቀመጠው በዚህ ማስታወሻ ነው። ቦታው ሲሞላ የተረፈው በኮምፒዩተሩ ራም ውስጥ ይቀመጥና በፈለጉት ቍጥር በማዘርቦርዱ መንገድ እየተመላለሰ ይመጣል። ባለ 12 ጂቢው አርቲኤክስ 3060 ከራሱ ማስታወሻ በሰከንድ 360 ጂቢ ያህል ያነባል፤ በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለው ሦስተኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕሬስ መንገድ ግን ሙሉውን ቢከፈት በሰከንድ ወደ 16 ጂቢ ብቻ ያሳልፋል። ልዩነቱ ከሃያ እጅ በላይ ነው። ይህም ማለት መጽሐፉ ጠረጴዛችሁ ላይ በመሆኑና ለእያንዳንዱ ገጽ ከክፍላችሁ ተነሥታችሁ እስከ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በመመላለሳችሁ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንባቢው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን መንገዱ ይገድለዋል። ጨዋታውም እንዲሁ ለጥቂት ጊዜ በደኅና ሄዶ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ወይም የሰዎቹ ፊት እንደ ጭቃ የደበዘዘ ይሆናል።

ይህ ሞት የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኖቬምበር 2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እያንዳንዳቸው 16 ጂቢ ማስታወሻ አላቸው። ማስታወሻው ለሁሉም ሥራ በጋራ የሚያገለግል ቢሆንም፥ ጨዋታ ሠሪዎች ሥራቸውን የሚለኩት በእርሱ ስለ ሆነ በ8 ጂቢ ካርድ ላይ መጥበብ ጀመረ። በማርች 2023 ወደ ኮምፒዩተር የመጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል አንድ» ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ በወጣበት ጊዜ ባለ 8 ጂቢ ካርድ ያላቸውን ሁሉ አስጨንቋል፤ ከዚያ በኋላ በተከታታይ እርማቶች ተሻሻለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር ልብ በሉ። የገጽታ ጥራትን ከፍ ማድረግ የሚያስከፍለው ማስታወሻ ነው እንጂ የካርዱን ጕልበት ብዙም አይነካም። ስለዚህ ሰፊ ማስታወሻ ያለው መካከለኛ ካርድ ሲያረጅ እንኳ ሌላው ሁሉ ዝቅ ተደርጎ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይቀራል። ጕልበተኛ ሆኖ ማስታወሻው ጠባብ የሆነ ካርድ ግን ጕልበቱን የሚጥልበት ያጣል። ይህን ስል ማስታወሻ ብቻውን ሁሉ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። በ2020 በ499 ዶላር የወጣው ባለ 8 ጂቢ አርቲኤክስ 3070፥ በ2021 በ329 ዶላር ከወጣው ባለ 12 ጂቢ አርቲኤክስ 3060 ይልቅ በአብዛኛው ጨዋታ ፈጣን ነው። ማስታወሻው እስኪሞላ ድረስ ማለት ነው።

ሦስተኛው የእንግድነት ሞት ነው፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው። በጁላይ 2019 ሁለት ካርዶች በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ዋጋ፥ በ399 ዶላር ወጡ፤ የኤኤምዲው አርኤክስ 5700 ኤክስቲና የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 2060 ሱፐር። ሁለቱም 8 ጂቢ ነበራቸው። በዚያ ዓመት በነበሩት ጨዋታዎች የሚበዙት ላይ የኤኤምዲው ይቀድም ነበር፤ ፍጥነትን ብቻ የሚመለከት ሰው እርሱን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን የኤንቪዲያው ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን፥ የብርሃንን ጨረር እየተከተሉ የመሳልን ሥራ የሚሠራ የተለየ ክፍል በውስጡ ነበረው፤ ሌላኛው አልነበረውም። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በዲሴምበር 2024 «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ፥ ይህ ክፍል የሌለው ካርድ እንደማይሆነው ተገለጸ፤ በዝቅተኛው መስፈርት ላይ የተጻፈውም ያው አርቲኤክስ 2060 ሱፐር ነበር። በሜይ 2025 የወጣው «ዱም፡ ዘ ዳርክ ኤጅስ»ም እንዲሁ አደረገ። በዓመታት ሁሉ የተመሰገነው፥ በ2017 በ699 ዶላር የወጣው ባለ 11 ጂቢ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ እንኳ ጕልበትም ማስታወሻም ሳይጐድለው በዚሁ በር ላይ ቆሞ ቀረ። አሮጌ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ አዲስ ከተማ ሲገባ የሚደርስበት ደረሰበት።

ታዲያ አዲስ ነገር የተባለውን ሁሉ በተስፋ መግዛት ይገባልን? አይገባም። በ2018ና በ2019 ለሬይ ትሬሲንግ ብለው ደካማ ካርድ የገዙ ሰዎች በዚያ ጊዜ የሚጠቀሙበት ጨዋታ ጥቂት ነበር፤ ሲበዛም ካርዳቸው ከብዶት አገኙት። ትምህርቱ ይህ ነው፦ የዛሬውን ሥራ ደኅና ከሚሠሩ ሁለት ተመሳሳይ ካርዶች መካከል ስትመርጡ፥ የነገውን ቋንቋ የሚያውቀውን ያዙ።

አራተኛው የመረሳት ሞት ነው። ካርዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያነጋግረው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ሠሪው ኩባንያ ለአዳዲስ ጨዋታዎች እያደሰ ያወጣዋል። አንድ ቀን ግን ማደሱን ያቆማል። ኤንቪዲያ በ2025 ባስታወቀው መሠረት፥ በ2016 ለተጀመሩት የጂቲኤክስ 10 ቤተ ሰቦች የሚወጣው መደበኛ የጨዋታ ድራይቨር በኦክቶበር 2025 አበቃ፤ የደኅንነት እርማት ብቻ እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ ይቀጥላል ተባለ። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው፤ ለኮምፒዩተር ዕቃ መልካም ዕድሜ ነው። ድራይቨር ሲቋረጥ ካርዱ በማግሥቱ አይቆምም፤ የለመዳቸውን ጨዋታዎች ያጫውታል። ነገር ግን ዛሬ ከሁለተኛ እጅ ገበያ ጂቲኤክስ 1060 የሚገዛ ሰው ጡረታ የወጣ ሠራተኛ እየቀጠረ መሆኑን ዐውቆ ይግዛ።

ካርዱ የሚገባበት ቤት

የእኔ ጥፋት የነበረው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ማንም ሰው ካርድ ከመግዛቱ በፊት የኮምፒዩተሩን ኬዝ ከፍቶ አራት ነገሮችን ይይ።

የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላይ ነው። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 እግር ገመድ 75 ዋት፥ ባለ 8 እግር ገመድ 150 ዋት ይጨምራል። እኔ የገዛሁት አርኤክስ 580 በሥራ ላይ 185 ዋት ይፈልጋል። ሻጩ የሰጠኝ ማገናኛ የተሰካበት የሃርድ ዲስክ ገመድ ግን ለዚህ ሥራ የሚችለው 54 ዋት ብቻ ነው። ይህን ስሌት ማንም የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ እኔ ግን አልሠራሁትም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር። በሻጩ ብዙ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እርሱ የሚያውቀው ዕቃው መሸጡን ነው፤ የእኔን ኮምፒዩተር ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚህም ጋር የቢሮ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ቅርጹም መሰኪያውም የሠሪው የራሱ ስለ ሆነ፥ ከገበያ የተገኘው ሁሉ እንደማይገባበት ዕወቁ።

ሁለተኛው ቦታው ነው። የካርዱን ርዝመትና ውፍረት ጠይቃችሁ የኬዙን ውስጥ በማስመሪያ ለኩ። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ቁመቱ ያጠረ ልዩ ካርድ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነ አዲሱ ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይህን ያለ ምንም ወጪ መፈተን ይቻላል። የምትወዱትን ጨዋታ ክፈቱና የሥዕሉን መጠን ከ1080 ወደ 720 ዝቅ አድርጉ። በሰከንድ የሚቀርበው ሥዕል በጣም ከጨመረ ያሰነፋችሁ ካርዱ ነበር፤ ይለወጥ። ምንም ካልጨመረ ግን ያሰነፋችሁ ፕሮሰሰሩ ነው፤ የካርድ ገንዘባችሁን ያዙ። በተለይም በዲሴምበር 2024 በ249 ዶላር የወጣው ባለ 12 ጂቢው የኢንቴል አርክ ቢ580 ለዋጋው የተመሰገነ ቢሆንም፥ በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ብዙ ጕልበቱን ያጣል፤ ሪሳይዘብል ባር የተባለው ነገር በማዘርቦርዱ ላይ ከሌለም አይመከርም።

አራተኛው መንገዱ ነው። አንዳንድ ርካሽ ካርዶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በጠባብ መንገድ ነው። በጃንዋሪ 2022 የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ መንገዱ አራት ብቻ፥ ማስታወሻውም 4 ጂቢ ብቻ ስለ ሆነ፥ በሦስተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል። ስምንት መንገድ ያላቸው ግን ማስታወሻቸው እስካልሞላ ድረስ የሚያጡት ጥቂት ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣው የኃይል መናወጥም ለካርድ ጠላት ነው። ከስታብላይዘር ጋር ብትሰኩ፥ መብራት ሲጠፋም ገመዱን ብትነቅሉ ከብዙ ጭንቀት ትድናላችሁ።

ስለ ሁለተኛ እጅ ገበያ

ከተማሪ የሚበዛው የሚገዛው ያገለገለ ነውና፥ ሦስት ወጥመዶችን ልንገራችሁ።

አንዱ የስም ወጥመድ ነው። በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሸጣል። የጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጂቢው ከባለ 6 ጂቢው የሚለየው በማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ክፍሎቹም 1,280 መሆናቸው ቀርቶ 1,152 ናቸው። አርቲኤክስ 3060ም ባለ 12 ጂቢ ሲሆን፥ በኋላ የወጣው ባለ 8 ጂቢው የማስታወሻ ፍጥነቱ ከ360 ወደ 240 ጂቢ የወረደ ነው። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጠውም በውስጡ 2,304 የሥራ ክፍል ሊኖረው ሲገባ 2,048 ያለው አለ።

ሁለተኛው የማስመሰል ወጥመድ ነው። የጥንት ካርድ ስሙን ለውጠው አዲስ አስመስለው የሚሸጡ አሉ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ብዙ ጊዜ ያጋልጣል፤ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

ሦስተኛው የድካም ወጥመድ ነው። ኢተሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ድረስ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ነበርና፥ ሌትና ቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በዚያ ጊዜ ወደ ገበያ ጐረፉ። እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው አይባልም፤ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ማራገቢያውና ሙቀት የሚያስተላልፈው ልባስ ነው። ሆኖም ሳይፈተን አይገዛም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ጨዋታ አጫውቱበት፤ በሥዕሉ ላይ ነጠብጣብ ወይም እንግዳ ቀለም እንዳይታይ፥ ማራገቢያው እንዳያንቋርር ተመልከቱ። ሻጩ ለግማሽ ሰዓት ካልፈቀደላችሁ መልሱን ሰጥቷችኋልና ደኅና ይሁን ብላችሁ ሂዱ።

ዋጋውን በዓመት ማካፈል

ካርድ የሚመጣው በዶላር ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ከእኔ ይልቅ ኪሳችሁ ይነግራችኋል። ስለዚህ ደጋግሞ መግዛት ከፊት ይልቅ ይጐዳል። በጁን 2025 የወጣው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ በባለ 8 ጂቢው 299፥ በባለ 16 ጂቢው 349 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ሦስት ዓመት፥ ሁለተኛው አምስት ዓመት አገለገለ እንበል። የመጀመሪያው በዓመት 100 ዶላር ያህል ሲያስወጣ፥ ሁለተኛው 70 ያህል ብቻ ያስወጣል። ርካሹ ውድ ሆነ ማለት ነው። በኤፕሪል 2025 የወጣው አርቲኤክስ 5060 ቲአይም በ379ና በ429 ዶላር እንዲሁ በሁለት ተከፍሎ ቀርቧል፤ ፍርዱ ያው ነው።

ይሁን እንጂ «ዕድሜ ይኑረው» እያሉ ወደ ጣራው መውጣትም አይገባም። በኦክቶበር 2022 አርቲኤክስ 4090 በ1,599 ዶላር ሲወጣ የገዛ ሰው በዚያው ገንዘብ በየጊዜው አራት መካከለኛ ካርዶች ሊገዛ ይችል ነበር፤ አራተኛው ካርድ ደግሞ የሚያውቀውን አዲስ ቋንቋ የመጀመሪያው አያውቀውም።

እንግዲህ በአጭሩ ምክሬ ይህ ነው። ደኅና ኬዝና ቢያንስ 550 ዋት የሚሰጥ አስተማማኝ ፓወር ሰፕላይ ያለው፥ ሞኒተሩም 1080 ወይም 1440 የሆነ ሰው፥ አዲስ ከገዛ ከ16 ጂቢ፥ ያገለገለ ከገዛ ከ12 ጂቢ አይውረድ፤ ሬይ ትሬሲንግ የማያውቅ ካርድም በቅናሽ ቢሰጡት እንኳ ይለፈው። የቢሮ ኮምፒዩተር ያለው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ የሚሸከመውን ይጠይቅ።

የእኛ ውሳኔ

እኛስ ምን አደረግን? የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ከዚያው ዓይነት ባገለገለ ተካነው። አርኤክስ 580ውን በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ፈትነን ጤነኛ ሆኖ ስላገኘነው ሸጥነው። የደረሰበትን ሁሉ ለገዢው ስለ ነገርነው ዋጋውን ቀነሰብን፤ ቅናሹንም ከእኔ ድርሻ አስቀነስሁ። ከዚያ በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን ተከራከርን። እኔ ሌላ ዓመት አጠራቅመን አዲስ ኬዝ፥ አዲስ ፓወር ሰፕላይና ባለ 16 ጂቢ ካርድ እንግዛ አልሁ። የምክሬን ሁሉ ስሌት አቀረብሁ። ጽሑፉን የሚጽፈው ጓደኛችን ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ፥ «የአምስት ዓመት ካርድ መልካም ነው፤ ነገር ግን እኔ በሰኔ እመረቃለሁ። ሦስታችን አብረን የምንጫወትበት ጊዜ የቀረን ስንት ወር ነው?» አለኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በ2024 የወጣውን ባለ 6 ጂቢ አርቲኤክስ 3050 ገዛን። 70 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ምንም ተጨማሪ ገመድ አይሻም፤ ሬይ ትሬሲንግንም ዲኤልኤስኤስንም ያውቃል። ማስታወሻው ጠባብ ነው፤ ከዚህ በላይ በጻፍሁት መሠረት ዕድሜው አጭር እንደሚሆን እያወቅን ገዛነው። ኮምፒዩተራችን ሊሸከም የሚችለው እርሱን ነበርና። ከካርዱ የተረፈውን ብር ለነገው ኬዝና ፓወር ሰፕላይ መነሻ ይሆን ዘንድ አስቀመጥነው፤ እኔም ከማስጠናቱ እየጨመርሁበት ነው።

ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሦስተኛ ምዕራፍ ባለፈው ሳምንት ጨርሷል። ማታ ማታ አንድ ሰዓት እንጫወታለን፤ ከሦስታችን የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። ጊዜ ያላችሁ፥ ገና አንደኛና ሁለተኛ ዓመት የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ግን ባለ 16 ጂቢውን ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊትም እባካችሁ ኬዙን ክፈቱና እዩ።

ከአርትስ ፋኩልቲ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ